ጎምላሌን የጠራው ድምፅ

አንድ ጊዜ፣ የአስታ ቁጥቋጦና የኮሶ ዛፍ በሸፈነው ብርዳም ተራራ ላይ፣ ጎምላሌ የሚባል አውራ አጋዘን ይኖር ነበር። ዘጠኝ ክረምት አሳልፏል። ቀንዶቹ ሁለት ጊዜ ተጠማዝዘው ወደ ላይ የወጡ ነበሩ፤ አንገቱ ወፍራም፣ ጋማው ጥቁር፣ አረማመዱም የእርጋታ ነበር። በዚያ ተራራ ላይ ያን ያህል ዕድሜ የኖረ ሌላ ወንድ አጋዘን አልነበረም። እኩዮቹን አንዱን አንበሳ፣ አንዱን ነብር፣ አንዱን ገደል ወስዶበታል።

ጎምላሌ ይህን ያህል የኖረው በሩጫ አልነበረም። ከእሱ የፈጠኑ ሞተዋል። የኖረው አንዲት ልማድ ስለነበረችው ነው፤ በጆሮው የሰማውን በአፍንጫው ሳያረጋግጥ አያምንም ነበር። ቅጠል ቢንኮሻኮሽ፣ ግልገል ቢያለቅስ፣ እንስት ብትጣራ፣ በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ቆም ይላል። ከዚያ በሰፊው ይዞርና ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል ቆሞ ያሸታል። ግልገሎቹንም «ጆሮ ይታለላል፤ አፍንጫ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም» እያለ ያስተምራቸው ነበር።

ከተራራው ግርጌ አንድ ያረጀ አንበሳ ይኖር ነበር። ድሮ ጎሽ ረግጦት የኋላ እግሩ አንዱ እንደ ልቡ አይታጠፍለትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎምላሌን ተመኝቶ ሦስት ዓመት ሙሉ አመለጠው። በዚያ ዓመት ደግሞ ረሃቡ ጸና። ዐሥር ቀን ሙሉ ከጥንቸልና ከአይጥ በቀር የቀመሰው አልነበረም። ፍርፋሪ ፍለጋ ከጎኑ የማይለየው አያ ጅቦም አብሮት ከስቷል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀበሮ መጣና ራቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሆድዎ ከጀርባዎ ጋር ተጣብቋል» አለ።

«ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?» አለ አንበሳ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«የለም፤ ላበላዎ ነው። እርስዎ ጉልበት አለዎት፤ እግር ግን የለዎትም። እኔ ደግሞ ጉልበት የለኝም፤ ድምፅ ግን አለኝ።»

ይህን ብሎ ቀበሮ አንገቱን ዘርግቶ በቀጭኑ፣ በለስላሳው፣ ልክ እንደ እንስት አጋዘን ተጣራ። አያ ጅቦ ከተኛበት ተፈናጥሮ ተነሣ።

«የት አለች? የት አለች?» እያለ ዙሪያውን ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ቀበሮ።

«አንተማ ቀበሮ ነህ። አጋዘኗ የት አለች?»

አንበሳ አሁን ዓይኑን ገለጠ። «ቀጥል» አለው ቀበሮን።

«ይህ ወር የአጋዘኖች የስሪያ ወር ነው» አለ ቀበሮ። «በዚህ ወር አውራዎቹ በቅጡ አይበሉም፣ በቅጡ አይተኙም። ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ የሚኖረው ትልቁ አጋዘን በዚህ ወር ራሱን አውጥቶ ይጮኻል፤ ሌላው ሲጮህም ይመልሳል። እርስዎ እሱን ማባረር አይጠበቅብዎትም። እኔ እጠራዋለሁ፤ በእግሩ ይመጣልዎታል።»

«ዋጋህስ?»

«ጉበቱና አንድ ታፋ።»

«እኔስ?» አለ አያ ጅቦ።

«ላንተ አጥንቱ።»

«የትኛው አጥንት?»

«ሁሉም» አለው ቀበሮ። አያ ጅቦም ከደስታው ብዛት ለሀጩን አዝረበረበ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ሦስቱም ከአንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ተደበቁ። ቀበሮ የእንስቷን ጥሪ አሰማ። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አሰማ። ከጉሙ ውስጥ የጎምላሌ ወፍራም ድምፅ መለሰለት። የአንበሳ ጅራት ተንቀጠቀጠ።

አውራው ቀስ እያለ ወረደ። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ቀበሮ ሌላ ጥሪ አልጨመረም፤ ብዙ መጥራት እንደሚያስጠረጥር ያውቅ ነበር። ጎምላሌ አልቀረበም፤ አልሸሸምም። ወደ ግራ ታጥፎ ቁጥቋጦውን በሩቁ መዞር ጀመረ። አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አልቆ «ልያዘው?» ብሎ ከማንሾካሾኩ፣ ነፋሱ የጅብን ግማት ይዞ ወደ ጎምላሌ አፍንጫ ደረሰ። አውራው አንዴ ጮኾ በሁለት ዝላይ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

አንበሳ አያ ጅቦን በጥፊ አንከባለለው። ቀበሮ ግን ወጥቶ ሄደና አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የአጋዘኖቹን መንጋ ሲመለከት ሰነበተ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አየ። ምንተስኖት የሚባል አምስት ዓመት የሞላው ወንድ አጋዘን ከሸለቆው ማዶ መጥቶ ጎምላሌን ለውጊያ ጠራው። ሁለቱ ቀንድ ለቀንድ ተያያዙ። ሣሩ ተነቀለ፤ ጭቃው ተረጨ። ምንተስኖት ጉልበታም ነበር፤ ግን ልምድ አልነበረውም፤ በመጨረሻ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። ጎምላሌ ቀንዱን ጉሮሮው ላይ አደረሰና ቆመ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ተነሥና ሂድ» አለው። «ጊዜህ ገና ነው።»

ምንተስኖት ጆሮው ተቀዶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሸለቆው ወረደ። ከዚያ ወዲያ ግን በየሰዓቱ ከሸለቆው ድምፁን ያሰማ ጀመር። ድምፁ ወፍራም ሆኖ መጨረሻው ላይ ይሰነጠቅ ነበር። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጎምላሌ መጋጡን ያቆማል፤ በቀንዱ መሬት ይምሳል፤ ቁጥቋጦ ይበጥሳል።

ቀበሮ ከቋጥኙ ወርዶ ወደ አንበሳ ተመለሰ።

«አገኘሁት» አለ። «ፍቅር ሲጠራው ይጠነቀቃል። ንዴት ሲጠራው ግን አይጠነቀቅም። የተቆጣ ደግሞ አያሸትም።»

በዚህ ጊዜ ቀበሮ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ አሰናዳ። አንበሳን አጋዘኖቹ ከሚንከባለሉበት ጭቃ ወስዶ ከአናቱ እስከ ጅራቱ አስለቀለቀው፤ ሽታው የአጋዘን ሆነ። ሰዓቱንም መረጠ፤ ፀሐይ ስትሞቅ ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ እሱ ከመንጋው በላይ ሆኖ ሲጠራ ሽታው ወደ ጎምላሌ አይወርድም። አንበሳን ከጎኑ አላስቀመጠውም። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ በሁለት ድንጋዮች መካከል በሚጠብበት ቦታ፣ ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ወደ ታች አስተኛው። «እሱ ዓይኑንም ጆሮውንም እኔ ላይ ያደርጋል፤ እርስዎን አያይም» አለው።

አያ ጅቦን ደግሞ ከሸንተረሩ ማዶ ሰደደው። «እዚያ ተቀመጥ። ጥንብ አንሳ በሰማይ ሲዞር ስታይ ና።»

«ሲዞር ምን ማለት ነው?»

«ምሳ ደርሷል ማለት ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ቀበሮ የምንተስኖትን ድምፅ አወጣ። ወፍራም ነበር፤ መጨረሻው ላይም ተሰነጠቀ። ከዚያ የደረቀ ቁጥቋጦ በጥርሱ ይዞ አንኮሻኮሸ፣ ቅርንጫፍ ሰበረ፣ ድንጋይ አንከባለለ፤ አንድ ወንድ አጋዘን ቀንዱን የሚስል እንዲመስል።

ጎምላሌ ቀና አለ። አንገቱ አበጠ።

«አሁን ደግሞ በላዬ ወጣ!» አለ። «ትናንት ነፍሱን ሰጥቼው ዛሬ ከራሴ በላይ ቆሞ ይፎክርብኛል!»

በመንጋው ውስጥ ካሉት እንስቶች በዕድሜ የምትበልጠው አንጓች ወደ እሱ ተጠጋች። ብዙ ግልገል ወልዳለች፤ ብዙም ቀብራለች።

«ጎምላሌ፣ ቆይ» አለችው። «ያ ልጅ ጠዋት ከሸለቆው ሲጮህ ሰምተነዋል። መቼ ወጣ? በየትስ በኩል አለፈ?»

«በሌባ መንገድ ነዋ!»

«ዞረህ አሽትተው እንጂ። ሁልጊዜ የምታደርገውን አድርግ።»

«ለመዞር ሸንተረሩን ሁሉ መውጣት አለብኝ። እኔ ስዞር እሱ ወርዶ ከፊቴ ቢነጥቃችሁስ? መንጋው ሁሉ ሲሰደብ እየሰማ እኔ አፍንጫዬን አንሥቼ ልዙር?»

አንጓች ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ድምፁ እንደገና ከላይ መጣ፤ በዚህ ጊዜ አጭርና የሚያፌዝ ነበር። ጎምላሌ ከዚያ ወዲያ አልሰማትም። ቀንዱን አስተኝቶ በቀጥታ ወደ ላይ ተነሣ።

በዚያ ሰዓት ምንተስኖት ከሸለቆው ሥር ውኃ ይጠጣ ነበር። ከላይ የወረደው ድምፅ ጆሮው ሲደርስ ራሱን አነሣ። የራሱ ድምፅ ነው። እሱ ግን አልጮኸም። ውኃው ከአፉ እየተንጠባጠበ ቆመ። ሽቅብ ቢመለከት ጎምላሌ ወደ ጠባቡ መንገድ ሲወጣ አየው፤ ከድንጋዮቹ አጠገብም የሆነ ጭቃ የመሰለ ነገር ሲተነፍስ አየ።

ወጥመድ መሆኑ ገባው።

እግሩ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። «ዝም ብል ነገ መንጋው የእኔ ነው» የሚል ሐሳብ መጣበት። መጣላትም፣ መሸነፍም፣ ዓመት መጠበቅም አይኖርም። ያደረገው ነገር የለም፤ ማንም አይጠይቀውም። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ጉሮሮው ላይ ደርሶ የተመለሰው ቀንድ ትዝ አለው፤ አፈረም። ከውኃው ዘሎ ወጥቶ ሽቅብ ሮጠ።

«ጋሼ ጎምላሌ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አይደለሁም! የጠራህ እኔ አይደለሁም! እኔ እዚህ ነኝ!»

ጎምላሌ ድምፁን ሰማው። ግን ንዴት ያደመጠውን ቃል ሁሉ ስድብ አደረገበት። «ከፊትም ከኋላም ይዘብትብኛል!» አለና ሩጫውን ጨመረ። ከድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ቀበሮ ከላይ ጩኸቱን አንድ ጊዜ ደገመው። ልክ በዚያች ቅጽበት ምንተስኖትም ከታች ጮኸ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ መጡ። ጎምላሌ ዞር አለ፤ ምንተስኖት ከታች፣ በቁልቁለቱ ላይ፣ በዓይኑ ይታየዋል። አንድ አጋዘን ሁለት ቦታ አይጮኽም።

ቆመ። የገባው ያን ጊዜ ነው። ግን አንበሳው ከእሱ የቀረው ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር።

አንበሳ ዘሎ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጥፍሩ ጠልቆ ገባ። ጎምላሌ አልወደቀም። ተሽከርክሮ ጠላቱን ከድንጋዩ ጋር አላጋው። የአንበሳው የታመመ እግር ከዳው፤ ተንሸራተተ። ሊነሣ ሲል ምንተስኖት ደርሶ ቀንዱን ትከሻው ውስጥ ሰካበት። አንበሳው አገሳ፤ ከዚያ ደሙን እያዘራ፣ በሦስት እግሩ እየተጎተተ ወደ ቆላው ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ተራራ ላይ ያየው የለም። ቀበሮም ከቁጥቋጦው ሾልኮ ተሰወረ።

ጎምላሌ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ከአንድ ኮሶ ሥር ተንበረከከ። ጎኑ ተቀዷል። መንጋው ቀስ እያለ ወጥቶ ከበበው። ምንተስኖት ራቅ ብሎ ቆመ፤ መቅረብ አልደፈረም።

«ና፣ ቅረብ» አለው ጎምላሌ።

ቀረበ።

«ጋሼ፣ ለምን አላሸተትክም? አንተ እኮ ሳታሸት የማትሄድ ነበርክ።»

«ንዴት አፍንጫዬን ደፈነው» አለ ጎምላሌ። «ዘጠኝ ዓመት ያኖረኝን ልማድ በአንድ ስድብ ጣልኩት። አንጓች ነገረችኝ፤ አልሰማሁም። አንተ ነገርከኝ፤ ጠላቴ ነህ ብዬ አላመንኩም።» በጭንቅ ራሱን ወደ እሱ አዞረ። «አንተስ ለምን ጮህክ? ዝም ብትል መንጋው ያንተ ነበር።»

«መንጋውን እፈልጋለሁ» አለ ምንተስኖት። «ግን በቀንዴ ባሸንፍህ ነበር የምፈልገው። በድምፄ ሌላ እንዲገድልህ አልፈለግሁም።»



«እንግዲህ ጊዜህ ደረሰ» አለው ጎምላሌ። ከዚያ አንገቱን በሣሩ ላይ አስተኛ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሞተ።

መንጋው አጠገቡ ቆመ። አንጓች አንድ ጊዜ ግንባሩን ላሰችውና መንጋውን ይዛ ወደ ማዶው ሸንተረር ወጣች፤ ለሞተ ሲባል የቆሙት መሞት የለባቸውምና።

በማግስቱ ጥንብ አንሳዎች በሰማይ ዞሩ። አያ ጅቦ እንደታዘዘው መጣ። ቀበሮ ተሸሽጎ ውሎ አመሻሹ ላይ ድርሻውን ሊያነሣ ቢመጣ፣ አያ ጅቦ ሆዱ ተነፍቶ፣ አንዲት ሰኮና ብቻ በአፉ ይዞ አገኘው።

«ጉበቱስ?» አለ ቀበሮ።

«ጉበት አጥንት አለው?»

«የለውም!»

«እንግዲያው መጀመሪያ የበላሁት እሱ ነው» አለ አያ ጅቦ፤ ሰኮናዋንም ቆረጠማት። ቀበሮ ያን ሁሉ ተንኮል ሠርቶ፣ ያን የመሰለ ፍጡር አስገድሎ፣ ባዶ ሆዱን ተመለሰ።

ምንተስኖት የመንጋው አውራ ሆነ። ሆኖም የስሪያው ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ አንድም ጊዜ ድምፁን አላሰማም። ሌሎች ወንዶች ከማዶ ሲጮኹ በዝምታ ይቆማል፤ ሣሩንም በቅጡ አይግጥም። አንድ ጠዋት አንጓች መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ለምን አትጮኽም?» አለችው።

«ድምፄ ነፍስ አጠፋ» አላት። «ባወጣሁት ቁጥር እሱ ሽቅብ ሲሮጥ ይታየኛል።»

«ድምፅህን ሰረቁህ እንጂ አንተ አልገደልክም» አለች አንጓች። «ዝም ብትል ግን ሌባው ብቻውን ይናገርበታል። ጩኽ። ያንተን እውነተኛ ድምፅ ካልሰማን፣ የሐሰቱን በምን እንለየዋለን?»

ምንተስኖት ራሱን ቀና አደረገ። ጮኸም። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን እንደ ድሮው አልተሰነጠቀም። ከሸለቆ ሸለቆ እየተቀባበለ ሄደ፤ ግልገሎቹም ከመጋጥ ቀና ብለው አዳመጡ፤ እውነተኛውን ድምፅም ለመዱት።

ከዚህ የምንማረው፣ ንዴት ሲጠራን ከመሮጣችን በፊት የጠራን ማን እንደሆነ ማጣራት እንደሚገባን፣ እውነት ከሆነም የባላንጣችንን ማስጠንቀቂያ እንኳ መስማት እንዳለብን ነው።